የጀልባ ሰው ቋጠሮ

ከቻካዎ ወሽመጥ፣ ከጀልባው አፍንጫ፣
ቢጫ ጃኬት ለብሼ፣ በእጄ ባንዲራ፣
ለመኪኖች ሁሉ መግቢያና መውጫ
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሳየሁ ሥፍራ።
"ወደ ግራ! ና! ቁም! ትንሽ! በቃ! በቃ!"
ይኸው ነበር ቋንቋዬ።
ካሳለፍኩት ዕቃ
አንድም የተመለሰ፣ ስሜን ያለ የለ፤
ዝናቡ ብቻ ነው ከእኔ ጋር የዋለ።

ግን ከኋላ ወንበር፣ ጉም በያዘው መስኮት፣
ሕጻናት በጣታቸው ሲጭሩበት፣ ሲጽፉበት
አያለሁ፤ አንዷ ዓሣ፣ አንዱ ፀሐይ ከነጥርሱ፣
አንዱ ምንም፣ ጭረት ብቻ፣ ግን ኮራ ብሎ በእሱ።
"ጌታዬ፣ ባሕሩ ማታ የት ነው የሚተኛ?"
አለኝ አንዱ ትንሽ ልጅ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፤
መልስ ስፈልግለት የኋላው ተረኛ
ጥሩምባውን ነፋ።
ልጁ ሄደ፤ ጥያቄው ቀረ፣ ከአጥንቴ ሠርጎ።

በሠላሳ አራት ዓመቴ "ኮሌጅ ልገባ ነው" ብዬ
ለካፒቴን ኦሬስቴስ ነገርኩት፣ ጎኑ ቆሜ፣ ተከልዬ።
"ጎሽ! ምን? ሞተር? ኤሌክትሪክ?"
"የሕጻናት መምህርነት።"
ሣቁ ከሞተሩ ድምፅ በለጠ፤
መሪው ተንገጫገጨ፣ ሻዩ ተገለበጠ።
"ከነጢምህ? አንተ? ንፍጥ ትጠርጋለህ?"
እናቴም በስልኳ፦ "ምን ያህል ታገኛለህ?"
ሁለቱም ልክ ናቸው። ደመወዙን አየሁት፤
አጣጥፌ ከኪሴ፣ ከትኬቱ ጋር ከተትኩት።

ሦስት ኮሌጅ ነበር ከፊቴ የቀረበ።
አንደኛው በብሮሹሩ ልቤን ሰለበ፦
"በስልክዎ ይማሩ! በስምንት ወር ዲፕሎማ!"
ዋናን ማን ተማረ ተቀምጦ ከማማ?

ሁለተኛው ኦሶርኖ፤ አምስት ዓመት፤ ሕንጻው ያምራል፤
ክፍያው ተጠራቅሞ ትንሽ ጀልባ ያስገዛል።
"ሞዴል ክፍላችን ይህ ነው" ብላ አስጎብኚዋ ስትከፍተው፣
የእንጨት ኩቦች በቀለም፣ መስታወት ተቆልፎባቸው፣
ትንሿ ወንበር አዲስ፣ ማንም ያልተቀመጠባት፣
አሻንጉሊቷም በላስቲክ እንደተጠቀለለች።
"ልጆቹስ?" ብዬ ጠየቅሁ።
"ለምረቃ ይመጣሉ፤ ለፎቶ" አለች።

ሦስተኛው አንኩድ ነው፤ ድሮ የዓሣ መጋዘን፤
ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ባልዲ አለ ለዝናብ ቀን።
ማታ ማታ ትምህርት ነው፣ ጠዋት ከልጆች ጋራ፤
ብሮሹር የለውም፤ የበሩ እጀታም የለው፣ በገመድ ነው የሚሠራ።
መምህርቷ ሴኖቢያ፣ ስድሳ ዓመቷ፣ ወለል ላይ ተዘርግታ
ከአንድ ልጅ ጋር ጉንዳን ታያለች፣ ዝም ብላ፣ በእርጋታ።
"ቅጹ ይቆይ፤ ተቀመጥ" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።
ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጮኸ።

ያኔ ነው ያሬላ፣ የሦስት ዓመት ወይዘሮ፣
እግሯን ከፊቴ ዘረጋች፣ የጫማዋ ክር ተፈትቶ ኖሮ።
ምን ልሥራ? የማውቀውን! የጀልባ ሰው ቋጠሮ፦
ማዕበል የማይበጥሰው፣ ነፋስ የማይፈታው፤
ሁለቴ አዙሬ፣ በሥሩ አሹልኬ፣ ጥብቅ አድርጌ ሳስረው
ኮራሁ።

ቆይታ ልታወልቅ ብላ ጎተተች። ደግማ ጎተተች።
በጥፍሯ ሞከረች፤ በጥርሷ ሞከረች፤
መሬት በእግሯ መታ መታ አድርጋ አለቀሰች።
ሴኖቢያ አልተቆጣችም፤ መቀስም አላነሣች፤
በሹካ ጫፍ፣ ቀስ እያለች፣ ፈታችውና እንዲህ አለች፦
"ጀልባ ነው እንዲህ የሚታሰር።
ለልጅ የምታስርላት ግን
እሷ ራሷ የምትፈታው ይሁን።
ይህን ለመማር አራት ዓመት አለህ። እኔን ዐርባ ፈጅቶብኛል፤
ገና ይቀረኛል።"

ማታ፣ በመጨረሻው ጀልባ፣ መወጣጫው ሲነሣ፣
ጃኬቴ ገና ይሸታል የዚያን መጋዘን ዓሣ።
ስም። ዕድሜ። አድራሻ። እስከዚያ ቀላል ነበር።
ምርጫ አንድ፦ አንኩድ። ለሁለትና ለሦስት፣ ረጅም መስመር።
ከሥሩ አንድ ጥያቄ፦ "ይህን ሙያ ለምን መረጡ?"
ብዙ ቃላት ወደ አፌ መጡ፦
"ፍቅር"፣ "ትውልድ"፣ "ነገ"፣ ከብሮሹሩ ያነበብኳቸው፤
እንደ ተቆለፉት ኩቦች አማሩኝ፤ ተውኳቸው።
ጻፍኩ፦ "ባሕሩ ማታ የት እንደሚተኛ ስለማላውቅ።"

ኦሬስቴስ በትከሻዬ በኩል አነበበ። ሻዩን ፉት አለ።
"አይተኛም" አለኝ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ።